ወንድሜ ችሎት ፊት ለምን ሳቀ?

ጥያቄ

የተከበሩ አማካሪ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ብዙ ካመነታሁ በኋላ ነው። የ32 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረውም አዲስ አበባ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ታናሽ ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ዛሬ 26 ዓመቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት በግንበኝነት ይሠራበት በነበረ ሕንፃ ላይ የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰብሮ ከሦስተኛ ወለል ወደቀ። አራት ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆየ። ከ19 ቀን በኋላ ከሆስፒታል ሲወጣ አንድ አጥንቱ እንኳ ስላልተሰበረ ሰፈሩ ሁሉ «እግዜር አተረፈው» አለ፤ እኛም አመሰገንን።

ከዚያ ወዲህ ግን ወንድሜ ያ የማውቀው ልጅ አይደለም። ቁጥብና ሰው አክባሪ ነበር፤ አሁን በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። የነገርኩትን ይረሳል፤ «ነግሬህ ነበር» ስለው «አልነገርሽኝም» ብሎ ይምላል። ሥራ ቢያገኝም ከሦስት ሳምንት በላይ አይቆይም። ጠላ እንኳ ቀምሶ የማያውቅ ልጅ መጠጥ ጀመረ። አንድ ቀን የጣድኩትን ወጥ እንዲጠብቅልኝ ነግሬው ወጥቼ ስመለስ፣ ድስቱ ከስሎ፣ ቤቱ በጭስ ታፍኖ፣ እርሱ እዚያው ተቀምጦ አገኘሁት፤ ግድየለሽነቱ በጣም አናደደኝ። ሁለት ጊዜ ፀበል ወስደነዋል።

ባለፈው ጥር የአከራያችን ልጅ ሙዚቃ በጣም ከፍ አድርጎ ከፍቶ ነበር። ወንድሜ እንዲቀንስ ጠየቀው፤ እምቢ ሲለው በብረት ቱቦ መትቶ ክንዱን ሰበረው። አሁን በአካል ጉዳት ማድረስ ተከሶ ታስሯል። ፖሊስ ጣቢያ ለጠየቁት ሁሉ «አዎ» ብሎ ፈረመ፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ተናገረ። ባለፈው ቀጠሮ ተጎጂው ሲመሰክር ወንድሜ ሳቀ። ዳኛው ገሠጹት፤ የልጁ እናት አለቀሱ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ሽማግሌ ልከንም ነበር፤ ወንድሜ የተስማማበትን ነገር በሳምንቱ «እኔ አላልኩም» ብሎ ካደ።

ለወንድሜ የተመደቡለት የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ስለ አደጋው ስነግራቸው ጉዳዩ ለፍርድ ቤቱ መቅረብ አለበት አሉኝ። አባታችን ግን «ልጄን አማኑኤል አስገብታችሁ የእብድ ቤተሰብ ልታስብሉን ነው? ታናሽ እህትሽ እኮ ገና አልተዳረችም» ብለው ተቆጡ። እኔም በበኩሌ የሰው ልጅ ክንድ ተሰብሮ ሰበብ ፍለጋ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ።

ለማንም ያልነገርኩት ነገርም አለ። ባለፈው ዓመት ወንድሜ ተቆጥቶ ገፍትሮኝ ግንባሬ ተፈንክቶ ነበር፤ ለሰው «በር መታኝ» አልኩ። ረቡዕና እሑድ ስንቅ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ቤቱን ጸጥ ብሎ ሳገኘው ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ አፍራለሁ። ለቀጣዩ ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ምን ላድርግ?

እህቱ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ልቤን የነካው የችሎቱ ሳቅ ነበር፤ ደግሜ ሳነበው ግን የከሰለው ድስት ላይ ቆምኩ። አንቺ ግድየለሽነት ነው ብለሽ ያለፍሽው ያ ድስት ከጻፍሽልኝ ሁሉ ይበልጥ የሚናገር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እስቲ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አስቢ፤ ወንድምሽ የወጡ ማረር ሸትቶት ዝም ያለ ይመስልሻል ወይስ ከነጭራሹ አልሸተተውም? ጭንቅላት በኃይል ሲመታ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ይናወጣል፤ ከአፍንጫ ተነሥተው በስስ አጥንት ቀዳዳዎች ወደ አንጎል የሚገቡት ቀጫጭን የማሽተት ነርቮችም በዚያን ጊዜ ሊበጠሱ ይችላሉ። እንዲህ የሆነበት ሰው ብዙውን ጊዜ ምን እንደጎደለው አያውቅም። ጭሱን በዓይኑ እያየ ተነሥቶ እሳቱን አለማጥፋቱም ሌላ ነገር ያመለክታል፤ አንድን ነገር ማየትና «ተነሥ፣ አድርግ» ብሎ ራስን ማዘዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሲሆኑ፣ የኋለኛው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ድርሻ ነው። የማሽተቻ ነርቮች የሚያልፉትም ከዚሁ ክፍል ሥር ነው። እኔ ከደብዳቤ ላይ ምርመራ ማድረግ አልችልም፤ ነገር ግን ይህን ታሪክ ለሐኪም ሳትነግሪ እንዳትቀሪ አደራ እልሻለሁ።

አራት ቀን ራሱን ሳያውቅ መቆየቱ ደግሞ በራሱ ከባድ ነገር ነው። በሕክምና አመዳደብ ከ24 ሰዓት በላይ ራስን መሳት ያስከተለ የጭንቅላት ጉዳት ከከባዶቹ ይቆጠራል። ሰው ሲወድቅ የምንመለከተው እጅና እግሩን ስለሆነ አጥንቱ ካልተሰበረ ተረፈ እንላለን። አንጎል ግን የራስ ቅሉ ሳይሰነጠቅም ይጎዳል፤ በውስጥ በኩል ካለው ሸካራ አጥንት ጋር ሲጋጭ በተለይ የፊተኛውና የጎኑ ክፍል ይቀጠቀጣል፣ የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኙት ክሮችም ይለጠጣሉ፣ ይበጠሳሉ። የክሮቹ መበጠስ በሲቲ ስካን ላይታይ ስለሚችል፣ «ምርመራው ደኅና ነው» ተብሎ የተሸኘ ሰው ጉዳት የለበትም ማለት አይቻልም።

የፊተኛው የአንጎል ክፍል ለሰው እንደ ልጓም ነው። ቁጣ በሁላችንም ውስጥ ይነሣል፤ ከቁጣው እስከ እጃችን ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ገብቶ የሚይዘን ይህ ክፍል ነው። ልጓሙ ሲላላ ሰውየው ክፉ ሆኖ ሳይሆን የሚይዘው ስለሌለ እጁ ይቀድመዋል። የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ሰው ለድምፅ ያለው ትዕግሥትም ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ለአንቺ የሚያስቸግር ብቻ የሆነ ሙዚቃ ለእርሱ ጭንቅላቱን የሚሰነጥቅ ሊሆን ይችላል። መጠጥ ደግሞ የላላውን ልጓም ጨርሶ ይፈታዋል፤ የተጎዳ አንጎል ከቀድሞው ባነሰ መጠጥ ይሰክራል፣ ለሚጥል በሽታም ይበልጥ ይጋለጣል። በዚያን ቀን ጠጥቶ ነበርን? ራሱን አሞት እንደነበርስ ታስታውሻለሽ?

ስለ ሳቁም እንዲሁ። ከአንጎል ጉዳት በኋላ በልብ ያለው ስሜትና በፊት ላይ የሚታየው የሚለያዩባቸው ሰዎች አሉ፤ ሲጨንቃቸው ይስቃሉ፣ ሲያዝኑ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ይሆናል። የልጁ እናት ያዩት ሳቅ ከልብ የመጣ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ለእርሳቸው ግን ያለ ማብራሪያ የቀረበ ሳቅ ስድብ ነው፣ ማልቀሳቸውም ተገቢ ነው። ቃሉን መቀያየሩን በተመለከተ፣ የማስታወስ ችሎታው የተጎዳ ሰው የጎደለውን ክፍል አንጎሉ በመሰለው ነገር ሞልቶት ያንኑ እውነት ነው ብሎ ሊያምን ይችላል፤ ይህ ውሸት ይመስላል እንጂ ውሸት አይደለም። ድካሙ ሲበረታና ጥያቄው ሲፈጥንበት ደግሞ «አዎ» ማለት ከጭንቁ የሚወጣበት አጭር መንገድ ይሆንለታል። የተያዘ ሰው ላለመናገር ያለው መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተደንግጓል፤ ወንድምሽ ይህ ሲነገረው ተከታትሎ ተረድቶት እንደነበር ጠበቃው ሊጠይቁ ይገባል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ክንዱ የተሰበረውን ልጅ አልረሳሁትም። ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሰዎች አብዛኞቹ በማንም ላይ እጃቸውን አያነሡም፤ ጉዳት ስላለበት የግድ ሊመታ ነበር ማለትም አይቻልም። ሰበብን የፈራሽው ይህን ስለምታውቂ ይመስለኛል። ሆኖም ሰበብ ማለት ያልሆነን ነገር ፈጥሮ ማቅረብ ነው፤ በእጅሽ ያለው ግን የሆነ ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48፣ በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ የሚያደርገውን ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ወይም ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ እንደማይሆን ይናገራል፤ አንቀጽ 49 ደግሞ ይህ ችሎታ ፈጽሞ ሳይጠፋ በከፊል የጎደለበትን ሰው ይመለከታል፤ እንዲህ ያለው ሰው ኃላፊ ቢሆንም ቅጣቱ ይቀልለታል። ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ማስረጃ እንዲቀርብ የሚያዝዘው በአንቀጽ 51 ነው፤ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ሲታይም ይህን ማስረጃ ማግኘት ግዴታ ነው። ባለሙያው በሙያው የደረሰበትን ያስረዳል፤ ሕጋዊውን መደምደሚያ የሚሰጡት ዳኛው ናቸው። ወንድምሽ ምን ያህል ጥፋተኛ እንደሆነ የመመዘኑ ሸክም በአንቺ ትከሻ ላይ አልተጫነም፤ መዝገቡ ውስጥ ያልገባን ነገር ግን ማንም ዳኛ ሊመዝን አይችልም።

እንግዲህ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርሽ፤ ጠበቃው ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ይህ ግን ወንድምሽን ነገ ወደ ቤት ይመልሰዋል ማለት እንዳልሆነ እያወቅሽ ብትገቢበት እወድዳለሁ። ምርመራው ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ሕክምና እንዲከታተል ወይም በሕክምና ተቋም እንዲቆይ ሊያዝዝ ይችላል፤ ባለሙያው ጉዳቱ መኖሩን አረጋግጦ በዚያን ቀን ግን ራሱን መግዛት ይችል ነበር ሊልም ይችላል። ስለዚህ ጠበቃውን «ይህን ብናነሣ ምን ምን ሊከተል ይችላል? ባናነሣስ?» ብለሽ ሁለቱንም ጠይቂያቸው። ቅጣቱ ባይለወጥ እንኳ ጉዳቱ መታወቁ የእስሩን ኑሮ ይለውጣል፤ የተነገረውን ትእዛዝ የሚረሳ ታራሚ እንደ እምቢተኛ ታይቶ በላይ በላዩ ይቀጣል፣ በጠብ ውስጥ ደግሞ ጭንቅላቱን ዳግመኛ ይመታል፤ ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ይልቅ ሊከፋ ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። በደብዳቤሽ ውስጥ የጠበቃው ሐሳብ አለ፣ የአባታችሁ ሐሳብ አለ፣ ያንቺም አለ፤ የወንድምሽ ሐሳብ የለም። የሚነገረው የእርሱ ጭንቅላት ነገር ነውና ከማንም በፊት እርሱን ብትጠይቂውስ? ስትጠይቂው ነገሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ አታውርጂበት። በአጭር ዐረፍተ ነገር አንድ ነገር ብቻ ንገሪው፤ ጊዜ ስጪው፤ ከዚያም «ምን አልኩህ?» ብለሽ በራሱ ቃል እንዲመልስልሽ አድርጊ። የቀጠሮውን ቀንና የጠበቃውን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ስጪው። «አልነገርሽኝም» ቢልሽ አትከራከሪው፤ እንደገና ንገሪው።

ማስረጃውን በተመለከተ፣ ጊዜሽ አጭር ስለሆነ በዚህ ሳምንት የሆስፒታሉን ካርድና ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት ፈልጊ። ወረቀቱ ላይ ምናልባት ከ3 እስከ 15 ባለው ቁጥር የተመዘገበ የግላስጎው መለኪያ ታገኛለሽ፤ ሰው ሲጠሩት ዓይኑን መግለጡን፣ መናገሩንና የታዘዘውን ማንቀሳቀሱን የሚመዝን ሲሆን፣ 8ና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳትን ያሳያል። ወረቀቱ ከጠፋ ሆስፒታሉ የሕክምና ማስረጃ እንዲጽፍ ጠይቂ፤ ለአንቺ አንሰጥም ካሉም ጠበቃው ማስረጃው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ማመልከት ይችላሉ። ከዚህ ጎን ለጎን ደብተር ያዢና ከመውደቁ በፊት የነበረውንና ከወደቀ በኋላ ያየሽውን ጻፊ። «ጠባዩ ተለወጠ» የሚለው ቃል ለሐኪምም ለዳኛም ብዙ አይነግራቸውም፤ የከሰለው ድስት፣ ሦስት ሳምንት ያልዘለቀው ሥራ፣ የመሐላው ነገር ግን ይነግራቸዋል። ከተቻለ ወሩንና ማን እንዳየው ጨምሪበት፤ አብረውት የሠሩ ግንበኞችና የቀድሞ አሠሪው ከእኅት ይልቅ ገለልተኛ ሆነው ይታያሉ። በዓይኑ ፈጥጦ ለጥቂት ጊዜ የማይሰማበት ወይም ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ አይታችሁ ከሆነ ይህን ለይተሽ ጻፊ፤ በሚታሰርበት ቦታ ላለው ክሊኒክም ወዲያውኑ ይነገር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት የተያዘ ሰው ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከሐኪሙ፣ ከሃይማኖት አማካሪውና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት አለው። ፀበሉን የሚወድደው ከሆነ ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ የታዘዘለት መድኃኒት ካለ ግን በፀበል ምክንያት እንዳያቋርጥ።

ሽምግልናውንም ዳግመኛ ብትሞክሩት መልካም ነው፤ የልጁን ሕክምና ወጪ ለመሸፈንና ከልብ ይቅርታ ለመጠየቅ የሚደረግ ጥረት ለቤተሰቡ የሚገባ ነው፣ ፍርድ ቤቱም ቅጣት ሲወስን ሊያየው ይችላል። በዚህ ጊዜ ግን ሽማግሌዎቹ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ያኑሩት፤ የወንድምሽን ሁኔታም ጠበቃውን ካማከርሽ በኋላ አስቀድመሽ ለአንዱ ሽማግሌ ንገሪ።

አባታችሁን አልወቅሳቸውም። በአዲስ አበባ «አማኑኤል» የሚለው ስም ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ፤ የሚፈሩትም ላላገባችው ልጃቸው ነው። ሆኖም ብቻቸውን በሆኑበት ሰዓት «አባዬ፣ ሰዉ ዛሬስ ወንድሜን ምን እያለው ነው?» ብለሽ በትሕትና ብትጠይቂያቸው እወድዳለሁ። ሰፈሩ አስቀድሞ ስም አውጥቶለታል፤ ባለጌ፣ ጨካኝ፣ ውሸታም ተብሏል። «ከፎቅ ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎድቷል» የሚለው ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እውነት ነው፤ በዘር የሚተላለፍ ነገር ስላልሆነም የታናሽ እህትሽን ስም የሚነካበት ምክንያት የለውም። የአደጋውን ቀን ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚያስታውሱት እርሳቸው ከሆኑ፣ ደብተሩን ስትጽፊ አጠገብሽ አስቀምጪያቸው፤ ክርክር ያላሳመነውን ሰው አንዳንድ ጊዜ የራሱ ትዝታ ያሳምነዋል።

አሁን ስለ አንቺ። ቤቱ ጸጥ ሲል ደስ ማለትሽ ወንድምሽን አለመውደድ አይደለም፤ ዓመታት ሙሉ ጆሮሽን ቀስረሽ የኖርሽ ሰው ነሽና ሰውነትሽ ዐረፈ። ይህን ዕረፍት ስንቅ ይዘሽ በምትሄጂበት እግር አትመዝኚው፤ ሁለቱም ያንቺ ናቸው። ስለ ግንባርሽም ልጠይቅሽ፤ በዚያን ቀን ለአፍታም ቢሆን ራስሽን ስተሽ ነበርን? ከዚያ ወዲህ ራስ ምታት፣ መርሳት፣ ድካም አለብሽን? በስኮትላንድ እስር ቤቶች በ109 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ ጥናት ከመቶ 78 የሚሆኑት ከባድ ግምት የሚሰጠው የጭንቅላት ጉዳት እንደነበረባቸው አሳይቷል፤ በተደጋጋሚ ለደረሰባቸው ጉዳት ዋነኛው ምክንያት የቤት ውስጥ ጥቃት ነበር። ብዙዎቹ እንዳንቺ «በር መታኝ» ብለው አልፈውት ይሆናል ብዬ አስባለሁ። አንቺም ለራስሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የግንባርሽን ነገር በፍርድ ቤት መናገርን በተመለከተ፣ ቢነገር ወንድምሽን ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠበቃውን ብቻቸውን ጠይቂያቸው፤ ከዚያ በኋላ ወስኚ። ሲፈታም ከአንቺ ጋር መኖሩ የግድ አይደለም። አጎት ቤት ሊኖር ይችል ይሆን? ከአንቺ ጋር የሚኖር ከሆነስ መጠጡ፣ ሕክምናውና ቁጣው ሲነሣ አንቺ የምትሄጂበት ቤት አስቀድመው ሊታወቁ ይገባል። ይህን ማሰብ ክፋት አይደለም፤ ለእርሱም ዳግመኛ ከመከሰስ የሚጠብቀው ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ስንቁን ስታደርሺ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂው። መጀመሪያ፣ ሕይወቱን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶበት ያውቅ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቂው፤ መጠየቅሽ ሐሳቡን አይጭርበትም፣ ከአንጎል ጉዳት በኋላ ደግሞ ይህ ሐሳብ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይመጣል። «አዎ» ካለሽ ሳትወጪ ለጠባቂዎቹና ለክሊኒኩ ንገሪ። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው፤ ከወደቀ ወዲህ ቡና ሲቆላ ሸትቶት ያውቅ እንደሆነ ጠይቂው። የሰጠሽን መልስ ሳታቃኚ፣ በራሱ ቃል፣ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፊው፤ ወደ ጠበቃውም ይዘሽው ሂጂ።